ባለ አንድ ክንፏ ወፍ

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ፣ ያለሽበት ቤት ይሙቅልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የላክሽልኝን የምስር ሾርባ ፎቶ ለጎረቤታችን አሳየኋት። «ውሃ ማፍላት የሚሰለቻት ልጅ ናት ይህን የሠራችው?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ጠረጴዛሽ ላይ ያየሁት አንድ ሳህን ነው። እኔም ለአንድ ሰው መቀቀል አልሆነልኝም፤ ዛሬም ለሁለት እሠራለሁ።

አባትሽ ካረፈ ወዲህ ተዘግቶ የቆየውን የልብስ ስፌት ሱቁን ባለፈው ሳምንት አስረከብኩ። ዝናብ ባባራ ቁጥር ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፋሽ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ የምትሰቅያቸው ወፎች ትዝ ይሉሻል? «ጨርቄን አታባክኚብኝ!» እያለ ይቆጣሽ ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ አውርጄ ድስት ማንሻ አደረግኳቸው። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈኝ። የጨርቅ ወፍም ያስኮርፋል እንዴ ብዬ ስቄበት ነበር።

ሱቁን ለማስረከብ ዕቃውን ሳወጣ መሳቢያው ውስጥ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ በየቀለሙ እየለየ ያስቀመጣቸውን ቁርጥራጮች አገኘሁ። ከላያቸው ራሱ የሰፋት ወፍ አለች። ስፌቱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ የሚል ሰው፣ ለካ ዓይኑ ደክሞ ኖሯል፣ ሁሉም ጠማማ ነው። ያደረሰላት አንድ ክንፍ ብቻ ነው።

ላስተካክላት መርፌ አነሳሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከጨርቆቹ ጋር ልኬልሻለሁ። ሌላኛውን ክንፍ አንቺ ስፊላት፤ የሱን ስፌት ግን አደራ፣ እንዳትፈቺው። መስኮትሽ ላይ ስትሰቅያት ሾርባሽን ሥሪና ሁለተኛ ሳህን አውጪ፤ ሰው ጥሪ።

እጅሽ አይዛል፣ ገበታሽ ሰው አይጣ።

እናትሽ