በምንጫችን ራስ ላይ በክብር ስለተቀመጡት ቴሌቪዥኖች

ሰኞ፣ ግንቦት 29 ቀን 2014 ዓ.ም.። ጉና ደመና ተከናንቧል፤ ዝናቡ ግን ገና አልወረደም። በቦታው የተገኙት፦ እኔ፣ ጊደሬ እና የዕቃው ጥበቃ ጋሽ ሙላቴ።

ይድረስ ለተከበሩ የ«አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ በኃላፊነት እናስወግድ» ዘመቻ አስተባባሪ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ በከተማው ጥግ ከምንጭ የምንቀዳው ነዋሪዎች፣ ስለ ሆዳችን ትንሽ ከመስጋታችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እንደሚያስታውሱት በጥቅምት ወር በድምፅ ማጉያ ዞራችሁ የተበላሸ ቴሌቪዥን፣ ራዲዮና ባትሪ አምጡ ባላችሁን ጊዜ፣ እኔም ምስሉ ከጠፋ በኋላ እንኳ ዳንቴል አልብሼ ያኖርኩትን ቴሌቪዥኔን አዝዬ መጣሁ። ፎቶም አነሣችሁን፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው አሉ የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. የተሰበሰበውን ሁሉ ከምንጫችን በላይ ባለው ገላጣ ቦታ ስለከመራችሁልን እናመሰግናለን። የአንዳንዱ ቴሌቪዥን መስታወት ተሰባብሯል፤ ባትሪዎቹም አብጠው ጥቁር ነገር ያነባሉ። ክረምቱ ሲገባ ጎርፉ ይህን ሁሉ አጥቦ በቀጥታ ወደ እንስራችን እንደሚያወርድልን አንጠራጠርም። ባለፈው ሳምንት ካፊያ ቢጥል ጊደሬ ውሃውን አሽትታ ሳትጠጣ ተመለሰች፤ እሷ እንግዲህ ስብሰባ ገብታ አታውቅም።

2. በየዕቃው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ስለጻፋችሁበት እናመሰግናለን። የእኔው 41 ነው። ቁጥር ከተጻፈበት ወዲህ የመንግሥት ንብረት ሆኗልና ያለ አስወጋጅ ኮሚቴ ውሳኔ አይወገድም፤ የኮሚቴው አባላት ደግሞ ስለ ንብረት አወጋገድ ሥልጠና ላይ ናቸው። እስኪመለሱ ድረስ ጥበቃ ስለቀጠራችሁለት ደስ ብሎናል። እኔም ባትሪዎቹን ብቻ ከውሃው መንገድ ፈቀቅ ላድርግ ብዬ ጋሽ ሙላቴን ብለምናቸው፣ ዱላቸውን ተደግፈው «ልጄ፣ የመንግሥት ከሆነ በኋላ ቆሻሻም ይከበራል፤ ከዚህ ቢነሣም የሚገባው መንግሥት ቤት ብቻ ነው» አሉኝ። ምክራቸውን በልቤ አኖርኩት።

3. ይህን ሁሉ ጭኖ ለዚሁ ወደተሠራ ፋብሪካ የሚወስደው መኪና ሐሙሲት መድረሱን ከጥር ጀምሮ ሳታሰልሱ ስለነገራችሁን እናመሰግናለን። ከሐሙሲት እስከ ደብረ ታቦር ያን ያህል አይርቅም፤ ምናልባት መኪናው ቁርጥማት ይዞት ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወርዶ እንደሆነ ምሕረቱን ያውርድለት።

ያደላችሁትንም ወረቀት ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። እኔ ንባብ የለመድኩት በሱቅ መጠቅለያ ነውና የእናንተም ወረቀት ጨው ተጠቅልሎበት ደረሰኝ። «አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ አይሰበር፣ አይቃጠል፤ ከውሃ ርቆ ጣሪያ ባለው ደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ይላል። ግሩም ቃል ነው፤ ጨውም አላፈሰሰም።

የሚጠጡት የታሸገ ውሃ እንዳይነጥፍብዎ እየጸለይኩ፣ ከምንጩ ዳር እጅ እነሣለሁ።

የቴሌቪዥን ቁጥር 41 የቀድሞ ባለቤት
ዓለሚቱ አድማሱ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ነጋ። ማክሰኞ ማለዳ ጎረቤቶቼን እቴነሽንና የሺን ጠራሁ። ባትሪውን በጆንያ አድርገን በእቴነሽ አህያ ጫንን፤ ቴሌቪዥኖቹንም ተራ በተራ እያዘልን፣ ጋሽ ሙላቴ እንዳሉት ወደ መንግሥት ቤት አመጣናቸው። ጣሪያ ያለው፣ ደረቅና ከምንጭ የራቀ ቦታ ብንፈልግ ከቢሮዎ በረንዳ የተሻለ አላገኘንም። ጋሽ ሙላቴም ከንብረቱ መለየት አይፈቀድላቸውምና ተከትለውን መጥተው በርዎ ላይ ተቀምጠዋል። ሲገቡ ጎንዎን ሰብሰብ አድርገው ይለፉ እንጂ እንዳይነኩት አደራ፤ ኮሚቴው ሳይወስን አይነሣም።