የባሕር ዳር አፍ

ለታዴ፣ ከአንቺናሉ።

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ተጋመሰ። ረጅም ሰላምታ እንደማትወድ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ወሬዬ ልግባ።

እኛ ደህና ነን። ሕይወት ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች፤ አካሄዷ ሁሉ አንተን ሆኗል። በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል ቀበሌው ከእንፍራንዝ ተዛውራ ለመጣች ነርስ ሰጣት። ጥሩ ሰው ናት፤ ክላርኔት ስለማመድ ጩኸቱ ረበሸኝ ብላ አታውቅም። ባለፈው መስከረም ጣና ሞልቶ እስከ መንገዱ ወጣና እኔና አንተ እንቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ለብዙ ጊዜ ሳይታይ ቆየ። የኪነት ቡድኑን ነፊዎች አሁን በአንተ ፋንታ የማስተምረው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እስኪመጣ ያዢልን አሉኝ፤ ሌላ ሰው አልመጣም።

ታዴ፣ ይህን የምጽፍልህ አፍሬ ነው። ለማን እንደምናገረው ስለጠፋኝ መልሼ ለአንተው እናገራለሁ።

በበጋው መጨረሻ ከየክፍለ ሀገሩ የትንፋሽ መሣሪያ የሚያስተምሩ ሰዎች እዚህ ተሰበሰቡ። ለእኛ ለአስተማሪዎቹ ከፍ ያለ ትምህርት የሚሰጥ አንድ ሽማግሌ መምህር ከቡልጋሪያ መጥቶ ነበር። አንተ የተማርህበት አገር ሰው ነው ሲሉኝ ዘመድ የመጣልኝ ያህል ደስ አለኝ። ጥቁር ቀሚሴን ተኩሼ፣ ክላርኔትህን ወልውዬ፣ ካስተማርሃቸው ሁለቱን አስከትዬ ሐይቁ ዳር ወዳለው አዳራሽ ሄድሁ። አንዱ የሺጥላ ነው። አሁን ፋብሪካ ገብቷል፤ ከሥራው አስፈቅዶ ነው የመጣው። ከሁሉም አንተን የሚመስል እሱ ነው።

መጀመሪያ እኔን አስነሡኝ። በመጨረሻ ያስተማርኸኝን ያን ዝግ ያለ ዜማ ነፋሁ። ሽማግሌው ግማሹን እንኳ ሳይሰማ እጁን አነሣ። ከኪሱ ትንሽ መስታወት አውጥቶ ፊቴ ላይ ያዘልኝ። ክላርኔቱ ከከንፈሬ መሃል አልነበረም፤ ወደ ግራ ሄዷል። በቀኝ በኩል ጉንጬ ተነፍቶ ትንፋሼ ይሾልካል። ይህን ያህል ዓመት ስነፋ ራሴን አይቼ አላውቅም ነበር። ቀጥሎ የሺጥላ ተነሣ፤ የእሱም አፍ ወደ ግራ ነው። ሦስተኛው ሲነሣ ገና ሳይነፋ ሰዉ ሳቀ።

ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደለም። እሱም እየሳቀ፣ በአስተርጓሚው በኩል፣ ይህን ያስተማራችሁ ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ።

መልሱ ነበረኝ። ባሌ ነው፤ እሱም አገርህ የተማረ ነው፤ ጥርሱን ሰብረውበት ነው ማለት ነበረብኝ። ቡድናችንን የሚከታተለው ካድሬ ግን ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ከሚስቁት ጋር ፈገግ አልሁና፣ "እንዲሁ የለመድነው ነው" አልሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማችን "የባሕር ዳር አፍ" ሆነ። የጎንደሩም፣ የደብረ ማርቆሱም፣ የአዲስ አበባውም ምሳ ላይ አፉን ወደ ግራ አጣሞ ይቀልድብናል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። የሺጥላ ግን አልሳቀም፤ ከእኔም ራቅ ብሎ መብላት ጀመረ።

አንድ ቀን ደግሞ መምህሩ አመሰገነን። አፋችሁ ቢጣመምም ትንፋሻችሁ ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ ከሆድ ነው የሚመጣው፣ ይህንንስ ከየት አገኛችሁት አለን። ሐይቁ ዳር ሣር ላይ በጀርባችን አስተኝተህ፣ ሆዳችን ላይ ድንጋይ አስቀምጠህ፣ ድንጋዩ ከፍ ዝቅ ሲል እያየህ የምታስተነፍሰን ትዝ አለኝ። አላፊ አግዳሚው እብዶች ናቸው ይለን ነበር። ያኔም ስምህን መጥራት እችል ነበር፤ ሙገሳ ነውና ማንም አይከሰኝም። ግን ለመጥፎው ዝም ብዬ ለደጉ ብቻ ስምህን ማንሣት ከበደኝና ዝም አልሁ።

የጥርስህን ነገር የነገርኸኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሳንጋባ፣ የዘጌን ጀልባ ስንጠብቅ። አዲስ አበባ ታስረህ ሳለ መርማሪው ሥራህን ጠየቀህ። ክላርኔት ነፊ ነኝ ስትለው አፍህን በሰደፍ መታህ። ሌላ ቦታ ሊመታህ ይችል ነበር። ስትፈታ በቀድሞ አፍህ መንፋት አቃተህ። በግራ በኩል በቀረልህ ጥርስ አስደግፈህ፣ እንደ ጀማሪ ከአንድ ብለህ ተነሣህ። ከዚያ ወደዚህ መደቡህ። ይህን ሁሉ ነግረኸኝ፣ ተማሪዎቹ እንዳይሰሙ ብለህ አስማልኸኝ። ፈርተህ መስሎኝ ነበር። ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ታፍር ነበር። ጢምህን አሳድገህ፣ ስትስቅ አፍህን በእጅህ ትሸፍን ነበር። በሠርጋችን ፎቶግራፍ ላይ እንኳ ከንፈርህ እንደ ገጠመ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ትዝ አለኝ። ገና ተማሪህ ሳለሁ፣ ሴት ደግሞ ክላርኔት ትነፋለች ወይ እያሉ በሚስቁብኝ ጊዜ፣ አንድ ቀን ጣትህን አገጬ ላይ አድርገህ ክላርኔቱን ወደ መሃል ልትመልሰው ጀመርህ። ወዲያው እጅህን ሰበሰብህና "ይሁን፣ ቀጥይ" አልኸኝ። የወደድኸኝ መስሎኝ ልቤ መታ። ነገሩ የገባኝ አሁን ነው። ቀጥ አድርገሽ ያዢ ብትለኝ፣ አንተስ ለምን ወደ ግራ ትይዛለህ ብዬ እጠይቅህ ነበር። ስለዚህ ሁላችንንም ተውኸን፤ እኛም ያየነውን ያዝን።

ከሰዓት በኋላ፣ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከሐይቁ ደንገል አጠገብ ልምምድ ጀመርሁ። አንዲት ትንሽ መስታወት የዛፍ ጉጥ ላይ አስደግፌ፣ መምህሩ እንዳዘዘኝ አንዱን ድምፅ ብቻ ትንፋሼ እስኪያልቅ እይዛለሁ። ክላርኔቱ እንደዚያ ሲጮኽብኝ በጀማሪነቴም አላስታውስም። ጥቁር የለበስሁ፣ የልጅ እናት፣ አስተማሪ የምባል ሴት፣ አንዲት ድምፅ አልወጣ ብላኝ እዚያ ቆሜ ሰው ያየኛል። ቆይቶ ቆይቶ አንድ ቀን ድምፁ ተከፈተ። ሰፍቶ፣ ሳይሰነጠቅ ውሃው ላይ ሄደ። በታንኳው እንጨት ጭኖ የሚቀዝፍ ሰውዬ መቅዘፉን ትቶ ዞር ብሎ አየኝ።

ደስታዬን ሳልጨርሰው እፍረት ያዘኝ። ያማረልኝ አንተ ያስተማርኸኝን ስተው ነው። ክላርኔቱን ወደ ሳጥኑ መልሼ ቤት ገባሁ፤ ለማንም ምንም አልተናገርሁም። እንደገና የቀበርሁህ መሰለኝ።

ያ ትምህርት ሲያበቃ ለቡድናችን አዲሱን አያያዝ ማሳየት ነበረብኝ። እውነቱን ልንገራቸው እንዳልል ካድሬው ከልምምዱ አይጠፋም። መምህራችሁ ተሳስተው ነው ልበል ብል ደግሞ አፌ እንቢ አለኝ። "ያሳሳትኋችሁ እኔ ነኝ" አልኋቸው። ሌሎቹ እሺ ብለው ጀመሩ። የሺጥላ ክላርኔቱን ፈታትቶ ሳጥኑ ውስጥ ከተተና፣ "እኔን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው" ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቀረ።

እሑድ ዕለት ወደ ዘንዘልማ፣ እናቱ ቤት ሄድሁ። ከበቆሎው ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲያርም አገኘሁት። እናቱ የሚቀመስ ላምጣ ብለው ወደ ቤት ሲገቡ ግራ ቀኙን አየሁና ሁሉንም ነገርሁት። መርማሪውን፣ ሰደፉን፣ ጥርስህን። ያስማልኸኝንም ጭምር። መሐላህን አፈረስሁ፣ ታዴ።

የነቀለውን አረም እንደ ጨበጠ ቀና አለ። "እኛ እኮ ስንስቅም እንደ እሳቸው አፋችንን እንሸፍን ነበር" አለኝ። "ያምርባቸው ነበር።"

የጨበጠውን አረም ተቀብዬው ከማሳው ዳር ጣልሁት። እሱም፣ "እትዬ፣ ጋሼ ሳይመቱ በፊት ሲነፉ ሰምተዋቸው ያውቃሉ?" አለኝ።

አላውቅም አልሁት። እኔ የማውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ነው።

"እንግዲያው ጋሼ የተማሩት ይህንኑ የሽማግሌውን አነፋፍ ነዋ" አለ። "ቀጥ አድርገን ስንነፋ የሚወጣው የቀድሞ ድምፃቸው ነው።"

በሚቀጥለው ልምምድ ሌላው ሳይመጣ እሱ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀኝ። ዛሬ ሁሉም ቀጥ አድርገው ይይዛሉ። ሲነፉ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፤ ሳላውቅህ የነበርኸውን አንተን የምሰማ ይመስለኛል። ይህ ያጽናናኛል። እፍረቴ ግን አልለቀቀኝም።

ሽማግሌው እውነቱን ሳልነግረው ሄደ። አውሮፕላን ማረፊያ ከሸኙት አንዷ እኔ ነበርሁ፤ አበባውን እንድሰጥ የተመረጥሁትም እኔ ነኝ። እጄን ጨብጦ፣ አፍሽ ተቃንቷል፣ ጎበዝ አለኝ። አመሰግናለሁ አልሁት። አስተርጓሚው አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ አንዲት ዐረፍተ ነገር ትበቃኝ ነበር፤ አልወጣችም። አሁን አገሩ ገብቶ፣ ጣና ዳር አንድ የማያውቅ መምህር የተማሪዎቹን አፍ አጣሞ አገኘሁ እያለ ያወራ ይሆናል። የሚያወራውም አንተ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ለተቀመጡ ልጆች ነው። ይህን ከዚህ ሆኜ ማቃናት አልችልም። ይቅር በለኝ ለማለትም ድፍረት አጣሁ፤ እንዲሁ እወቀው ብዬ ነው።

የሕይወት ጣቶች የክላርኔቱን ቀዳዳዎች ለመድፈን ገና ናቸው። ሲደርሱላት አስጀምራታለሁ። ከከንፈሯ መሃል ላይ አድርጌ አስይዛትና፣ በዚያው በመጀመሪያው ቀን፣ አባቷ ለምን ወደ ግራ ይነፋ እንደ ነበር እነግራታለሁ። ማን እንደመታህ፣ ምን ሲሉህ ምን ብለህ እንደ መለስህ፣ ከዚያ በኋላ እንዴት ከአንድ እንደ ጀመርህ። አንተን የማስታውስበት ቃሌ ይኸው ነው። ስነግራትም ድምፄን ዝቅ አላደርግም፤ በሩንም አልዘጋም።

አንቺዬ ትላት የነበረችው