የሲፍር ደብተሬ

ውድ መልአኩ፣

«ውድ» ያልኩህ ለወጉ ነው። እዚሁ ጅቡቲ፣ ምኒልክ አደባባይ ካፌ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልህ፤ አንጀቴ ርሷል።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ስከታተል አይተሃል። ህንዶች «ባዶ» ያሉትን ዓረቦች «ሲፍር» ብለው ሲተረጉሙት፣ በላቲን «ዜፊሩም» ሲሆን፣ ጣልያኖች አሳጥረው «ዜሮ» ሲሉት። ያው ቃል በሌላ መንገድ ሄዶ ፈረንሳዮች ዘንድ «ሺፍር»፣ ጀርመኖች ዘንድ «ዚፈር» መባሉን። ከኢትዮጵያ የመጣ የባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጅ ነኝና በፈረንሳይኛ ብማርም፣ በዓረብኛ ብገበያይም፣ ለራሴ የምጽፈው በአማርኛ ነው። ለዚህ ነው ደብተሬን ሳትቸገር የገለበጥከው።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ ለወጣው የመምህርነት ቦታ ሁለታችንም እንደምንወዳደር እያወቅህ «ናዝዬ፣ ፈረንሳይኛዬን እስቲ አርሚልኝ» ብለህ ለፈተናው ያዘጋጀኸውን ንግግር አመጣህልኝ። የእኔው ነበር፣ ከነምሳሌው። ላገባህ እኮ ነበር።

ከዚያ አንዲት መስመር ላይ ደረስኩ፦ «የመካከለኛው ዘመን ሊቅ ዓብዱሰመድ እንደጻፉት፣ ሲፍር ባዶ ጆንያ ነው፤ ሩዙ ቢያልቅም ቦታው እንደተያዘ ነው።» እኔ የጻፍኩት «ይላሉ ዓብዱሰመድ» ብቻ ነበር። እኛ ሰፈር፣ ካርቲዬ 2፣ ሩዝና ስኳር የሚሸጡልን ዓብዱሰመድ ናቸው። አንተ ሁለት ዓመት እዚህ ስትኖር የሱቃቸውን ደጃፍ አልረገጥክም፤ የዓረብ ስም ስታይ የሞተ ሊቅ መሰለህ።

ልነግርህ ይገባ ነበር። አልነገርኩህም። ሰዋስውህን አቃንቼ፣ ያቺን መስመር ሳልነካ መለስኩልህ። ከዚያ ሱቃቸው ሄጄ «ሐሙስ ፈተናው አዳራሽ ስምዎ ይነሳል፣ ይምጡ» አልኳቸው።

ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንተ «እኚህ ሊቅ ካረፉ ስምንት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል» ስትል እጃቸውን አወጡ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ እኮ። የነገርኩትም ለዚህች ልጅ ነው፣ ስኳር ስመዝንላት፤ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች።»

አዳራሹ ሳቀ። ፈታኞቹ ግን አልሳቁም፤ ወደ እኔ ዞረው ደብተሩን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ቦታውንም ሰጡኝ።

እህትህ ፀዳል «ይቅር በይው፤ ሰው እንዳያየው ከከተማው ዳር፣ ከፔካ 12፣ በጭነት መኪና ነው አዲስ አበባ የሄደው» ብላ አለቀሰችብኝ። ለእሷ አዘንኩ። ላንተ ግን ቅንጣት አላዘንኩም፤ ነገም ቢሆን እደግመዋለሁ።

ሁለተኛው ደብተሬ፣ የአልጀብራው፣ ካንተ ጋር እንደሄደ አውቃለሁ። አትመልስልኝ፤ አዲስ አበባ አሳትመው። ውስጡ ካሉት ስሞች የትኛው ሊቅ፣ የትኛው ጎረቤቴ እንደሆነ ግን አልነግርህም።

ናዝሬት
ጅቡቲ፣ ጥቅምት 2002 ዓ.ም.