የፒካፑ ወለልና የአባባ ምስክር

ግንቦት 4 ቀን 1958

ገበያ ነበር። የጎረቤታችን የደጊቱ ደሮ በመኪናችን ወለል ሾልካ ወረደች። መኪናው እየሄደ! ዝገት በበላው ቀዳዳ፣ እግሯ እንደታሰረ ቁልቁል... ደጊቱ ከኋላ ሆና «ደሮዬን! ደሮዬን!» ስትል ባሌ ፈንታው የምትዘፍን መስሎት ጡሩምባ ነፋላት። ገበያው ዳር ስንደርስ ነው የገባው። ደሮዋስ አልሞተችም፣ መንገዱ መሐል ቁጭ ብላ ተገኘች። ደጊቱ አቅፋ አነሳቻትና «ዛሬ ደሮ ነው፣ ነገ ሰው ነው» ብላኝ ሄደች። እውነቷን ነው። ፈንታው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ደሮዋ ቀጭን ስለሆነች ነው።»

ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ያሳብደኛል። ፒካፑን ከደብረ ታቦር ገዝቶ ሲያመጣ «ሞተሩ ፈረስ ነው» አለኝ። እሺ፣ ሞተሩ ፈረስ ይሁን... የኋላው ወለል ግን ወንፊት ነው።

አባባ ደጅ ፀሐይ ላይ ተጋድመው ተማሪዎቻቸውን ዜማ ሲያስቀጽሉ ዋሉ። ምሳ በደንብ በሉ።

ግንቦት 6

አባባ ዛሬ አፍ አውጥተው ተናገሩ። «ቤተ ልሔም ልሂድ» አሉ።

ሠላሳ ዓመት ሲብሰለሰሉበት የኖሩት ነገር ነው። ጋይንት ቤተ ልሔም ዜማ ተምረው፣ ከመምህሩ ፊት ቀርበው ሊያስመሰክሩ ጥቂት ሲቀራቸው ጣሊያን ገባ። ተማሪው ተበተነ። ከዚያ አያቴ ሞቱ፣ አባባ እናቴን አገቡ፣ እኔ መጣሁ... ቀረ። እዚህ መካነ ኢየሱስ ላይ የኔታ ቀለመ ወርቅ ሲባል የማያውቃቸው የለም። ግን ማኅሌት ላይ ክርክር ሲነሳ ሁልጊዜ አንዱ ብድግ ይልና «እርስዎ መቼ አስመሰከሩና?» ይላቸዋል። ያን ቀን ቤት መጥተው እህል አይቀምሱም።

ግን እንዴት ይሂዱ? ከበቅሎ ከወደቁ ወዲህ ወገባቸው አይታጠፍም። በቅሎ ላይ አይቀመጡም፣ የመኪናው የፊት ወንበርም አይሆናቸውም። መጋደም ብቻ። አምና ቃሬዛ ብንላቸው «ሬሳ ነኝ?» ብለው ተቆጡ።

ፈንታው ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ «የኋላውን ወለል በእንጨት እሠራና እኔ እወስድዎታለሁ» አለ። አባባ እጁን ያዙና ሳሙት። አማት የአማቹን እጅ ሲስም! ፈንታው ደንግጦ ተነሳ።

ክረምት ሳይገባ ነው ታዲያ። ዝናቡ ከጠበቀ ያ መንገድ እስከ ጥቅምት ይዘጋል።

ግንቦት 7

ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው። አባባ እየረሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሲያስቀጽሉ አንድ ቦታ ደርሰው ቆሙ። ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና እዚያው ቆሙ። ትልቁ ተማሪ አበጀ አንገቱን ደፋ። «ምን ያስደፋሃል? በል አንተ አውርደው!» ብለው ጮኹበት። እሱ ሲያወርደው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። የሚማሩ ይመስሉ ነበር። እኔ ጥጥ እየፈተልኩ አየሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሰማሁት ዜማ ነው፣ የት ላይ እንደቆሙ አውቃለሁ።

እስከ ጥቅምት ይቆይላቸዋል? አይመስለኝም... አይቆይም። ከዚህ ክረምት በፊት ካልሄዱ አይሄዱም።

ለፈንታው ልንገረው? ምላሱ አያርፍም። አንዴ ከሰማ አገር ይሰማዋል። አልነግረውም።

ግንቦት 10

ላሜራ ከጎንደር ካልመጣ የለም፣ ዋጋውም አይቀመስ። ስለዚህ እንጨት።

አናጺው ጥጋቡ «ዋንዛ ይሻላል» አለ። ፈንታው «ባሕር ዛፍ ይበቃል» አለ። ጥጋቡ «ከሥሩ አምስት አግዳሚ ይግባ» አለ። ፈንታው «ሁለት ይበቃል።» ይበቃል፣ ይበቃል! ሲሞት ጉድጓዱን እስከ ጉልበት ብቻ ቆፍረው ይበቃል ይበሉት።

ባሕር ዛፉ እርጥብ ነው። ጥጋቡ ሰንጥቆ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። «ይድረቅ» አለ። መቼ ሊደርቅ?

ግንቦት 14

ጣውላው ፀሐይ ላይ። አባባም ፀሐይ ላይ። ሁለቱን ሳገላብጥ ዋልኩ።

ግንቦት 19

ጉድ ነው የሆነው።

ጠዋት ወለሉ በምስማር ተመታ። ጣውላው በደንብ አልደረቀም፣ ጥጋቡ «ጥቂት ቀን ይቆይ» ብሎ ነበር። ፈንታው «ደመናውን አታየውም?» አለው። እኔም ከፈንታው ጋር አበርኩ። ለምን እንደቸኮልኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

አባባ ተደግፈው ወጡ። «ሳይዘመርበት አልሳፈርበትም» አሉ። መልካም። ተማሪዎቹ መቋሚያቸውን ይዘው መኪናው ላይ ወጡ። መጀመሪያ ቀስ ብለው ነበር፣ በሥርዓቱ። ከዚያ አባባ ከታች ሆነው እያጨበጨቡ «አንሱት! አንሱት እንጂ!» ሲሏቸው ወረቡ ሞቀ። ሽብሸባው ቀረና ዝላይ ሆነ። ያ ሁሉ እግር፣ ያ ሁሉ መቋሚያ አንድ ላይ ሲወርድ... ጧ! መሐል ያሉት ጣውላዎች ለሁለት ተሰበሩ። አበጀ እስከ ጭኑ ሰመጠ።

ፈንታው አበደ። «መኪና በማኅሌት ይፈተናል? የት አገር ነው እንዲህ ያለ?» ብሎ ጮኸ፣ በአባባ ፊት። እኔም በሰው ፊት «አንተ አይደለህ ይበቃል ይበቃል ስትል የነበርከው!» አልኩት። ጥጋቡ መዶሻውንና መጋዙን ሰብስቦ ሄደ። ፈንታው እሱንም ሰድቦታል፣ ምን ያድርግ?

አባባ ብቻ ረጋ ብለው «እኔ ተጋድሜበት ገደል አፋፍ ላይ ቢሰበር ኖሮስ?» አሉ።

ግንቦት 20

ፈንታው አላናገረኝም። እኔም።

ከሰዓት በኋላ ከመኪናው ሥር ተንጋሎ የተጣመመ ምስማር ሲነቅል አየሁት። አላስቻለኝም። ሄጄ ጎንበስ አልኩና «አባባ እየረሱ ነው» አልኩት።

መንቀሉን ተወ። «ምን እየረሱ?»

«ዜማውን። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምላስህን ስለማውቀው።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። እግሩ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ቆይቶ «ጉጠቱን አቀብይኝ» አለ።

አመሻሹ ላይ ጥጋቡ ቤት ሄዶ ይቅርታ ለመነው። እግሩ ላይ ነው የወደቀው አሉ፣ ያ ኩሩ ባሌ! ስለ አባባ ግን ለጥጋቡም ትንፍሽ አላለም። በደልኩት መሰለኝ።

ግንቦት 25

ጎረቤቱ ሁሉ አሮጌ ሞፈሩን አመጣልን። ጥጋቡ ሞፈሮቹን ጠርቦ አምስቱንም አግዳሚ ከእነሱ አወጣ። «ስንት ዘመን በሬ የጎተተው እንጨት ሰው አይሰብረውም» አለ። ለቀሪው ደግሞ የቆየ ደረቅ ጣውላ ከየቤቱ ተለቃቀመ። ሁሉም አጫጭር ስለሆነ ወለሉ ሁለት ቁራጭ ሆነ፣ እያንዳንዱ ለብቻው በብሎን የሚታሰር። በጣውላና በጣውላ መካከል ቀጭን ክፍተት ተወለት፣ ውሃ እንዲወርድ፣ እንጨቱም ሲያብጥ እንዳይገፋፋ።

ፈንታው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው። ግቢው ሁሉ ሸተተ። ሆን ብዬ «ይበቃል?» አልኩት። «አይበቃም፣ አንዴ ይደገማል» አለ። ስቄ ሞትኩ።

ግንቦት 28

ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ፈንታው ከአልጋው ወደ መኪናው ሮጠ። ወለሉ አልጎበጠም።

ወለሉን ለመፈተን የጎረቤት ሴቶችን ሁሉ ከነእህላቸው ጭነን ቦይ ለቦይ ነዳን። እንጨቱ ይጮሃል እንጂ አልተነቃነቀም። ደጊቱ ግን ደሮዋን እቤት ትታ ነው የወጣችው።

ደመናው አልከፈት አለ። መንገዱ ይጠብቀን ይሆን?

ሰኔ 1

አባባ ዛሬ «ማሚቴ» ብለው ጠሩኝ። ማሚቴ እናቴ ናት፣ ከሞተች ቆየች። «እኔ ውባለም ነኝ አባባ» ልል አልኩና ዓይናቸውን ሳየው ተውኩት። «አቤት» አልኩ። ምን ልበል?

ነገ እንነሳለን። ዘነበ አልዘነበ።

ሰኔ 3

ቤተ ልሔም ነን።

ትናንት ደብረ ታቦር አደርን። ዛሬ ጋይንት ስንገባ ዝናቡ ያዘን። አባባና እኔ ከኋላ፣ ወለሉ ላይ፣ ሸራ ደርበን። ጎማው በዘለለ ቁጥር ጣውላው ሲጢጥ ይላል፣ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርዳል። አባባ ግን ተጋድመው ዜማቸውን ይከልሳሉ። ያችን ቦታ አንዴ ያልፏታል። ደግመው ሲመጡ ይቆማሉ። ያልፋሉ... ይቆማሉ። እያደር ወለሉን መፍራት ተውኩ፣ እሳቸውን መፍራት ጀመርኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ገና ሳይታይ ጭቃ ዋጠን። ፈንታው ገፋ፣ ቆፈረ፣ ተሳደበ። መኪናው አልነቃነቅም አለ። ገበሬዎች ደረሱልንና «ቃሬዛ እናምጣ» አሉ። አባባ «ነፍሴ ሳትወጣ!» አሉ። አንድ ጊዜ እንቢ ካሉ አሉ ነው።

ፈንታው ትንሽ አሰበና ብሎኖቹን ፈታ። አባባ የተጋደሙበትን የወለል ቁራጭ እንዳሉበት አስወረደው። ገበሬዎቹ ዙሪያውን ይዘው አነሷቸው። አንዱ ጋይንቴ «ታዲያ ይኼ ቃሬዛ አይደለም?» ሲል አባባ ከላይ ሆነው «ምን ቃሬዛ ነው? መኪናዬ ላይ ነኝ!» አሉት። እየተሳቀ ገቡ። እኔ አልሳቅኩም። ነገ ከመምህሩ ፊት ይቀርባሉ።

ሰኔ 5

ምስክሩ ለሌላው ወራት የሚፈጅ ነው አሉ። መምህሩ የአባባን ዕድሜና ወገብ አይተው ራሩላቸው። ከዚህም ከዚያም እያነሱ ሁለት ቀን ፈተኗቸው። ሴት ወደዚያ አትገባም፣ እኔና ፈንታው ከአጥሩ ሥር ተቀመጥን። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። መምህሩ ያነሳሉ፣ አባባ ያወርዳሉ። ትናንት ቀኑን ሙሉ። ዛሬም።

ከሰዓት በኋላ ያችን ቦታ አነሱ። ከዚያ ሁሉ መካከል ያችን!

አባባ ጀመሩ... ቆሙ።

ነጠላዬን ነከስኩ። ዜማው ምላሴ ላይ ነበር፣ ብጮህ ይሰሙኛል። አፌን ስከፍት ፈንታው እጄን ጨብጦ «እንዳትናገሪ። በራሳቸው ይሁን» አለኝ። ላቡ እጄን አረጠበው።

መቋሚያ መሬት ሲመታ ሰማሁ። አንዴ። ቆይቶ ደግሞ አንዴ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ። ያችን ቦታ አለፏትና ሄዱ፣ እንደዚያ ሲያወርዱት ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼ አላውቅም።

መምህሩ ራሳቸው ወጥተው «የኔታ ቀለመ ወርቅ አስመስክረዋል» አሉን። ፈንታው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። ማን ይከለክለኛል?

ሰኔ 18

ክረምቱ ገብቷል። መንገዱ ተዘግቷል፣ ለጥቂት ነው የተመለስነው።

አባባ ዛሬ ጠዋት ደጃፉ ላይ ተጋድመው ፒካፑን ሲያዩ ቆዩና «ፈንታው ወለሉን ጨረሰው? ቤተ ልሔም መቼ ነው የምንሄደው?» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሲሉኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በማግሥቱ «ሄደን መጣን እኮ! ምን ነካዎት?» ብዬ ጮኽኩባቸው። ደነገጡ። ያንን ፊታቸውን ዳግመኛ ማየት አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንደማደርገው ዛሬም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«ሄደን መጣን አባባ። አስመስክረዋል።»

«እኔ?»

«እርስዎ። መምህሩ ናቸው በአፋቸው የተናገሩት።»

አፈጠጡብኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ሳልረሳ?» አሉ።

ለካ ያውቁ ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ስደብቅ እሳቸውም ይደብቁኝ ነበር።

«ሳይረሱ» አልኳቸው።

እንባቸው ወረደ። «ልጆች! ሰማችሁ?» ብለው ተጣሩ። አበጀና ጓደኞቹ ብድግ ብለው፣ አንድም ሳይስቅ፣ «እንኳን ደስ አለዎት የኔታ!» አሉ። ፈንታው ከመኪናው ሥር ወጣና ጉልበታቸውን ሳመ። ትናንትም ስሟል። ከትናንት ወዲያም።

ሲደሰቱ ሳይ እኔንም እንደ አዲስ ደስ አለኝ። ነገ ጠዋት ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ።