እሜቴን ያጠብንበት ቀን

ሆን ዶይ መንደር
በሦስተኛው የጨረቃ ወር፣ የእሜቴ በዓል ማግስት

ለምወድህ፣ ዘንድሮ ግን ከመውደዴ ይልቅ ለተቆጣሁህ ባለቤቴ ለቢየን፣

ጤናህን ብጠይቅህ መልስ እንደማትልክ ስለማውቅ የእኛን ልንገርህ። ልጃችን ስዋን ደህና ናት። የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድናለች፤ በግትርነቷ ግን ቁርጥ አንተን ናት። እናትህም ደህና ናቸው፤ ደህና ማለት ይበላሉ፣ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። እኔ ደህና አይደለሁም። ትናንት በባሕር እመቤታችን በእሜቴ መቅደስ የሆነውን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ጀልባችሁ ከዚያ ማዕበል ሳትመለስ ስትቀር፣ አብረውህ የወጡት ሰዎች ቤተሰቦች ሁሉ የሐዘን ነጭ ጨርቅ በራሳቸው ላይ አሰሩ። እኔ እምቢ አልኩ። ጀልባ ተሰበረ እንጂ ሰው ሞተ ያለኝ ማን ነው? በሌላ አገር መርከብ ተወስደህ ቋንቋው ጠፍቶህ ተቀምጠህ ይሆናል እያልኩ መንደሩን ሁሉ አሰለቸሁት። እማማም መጀመሪያ ከእኔ ጋር ነበሩ። ከአዲሱ ዓመት በኋላ ግን ተለወጡብኝ። ልጄ ቀባሪ አጥቶ ውሃ ላይ ይንከራተታል፣ ሩዝ የሚያቀርብለት የለም፣ ይርበዋል ይሉ ጀመር። ከዚያም አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ከተራራው ጭቃ አስመጥተው፣ ለአጥንት የሚሆን የእንጆሪ ቅርንጫፍ አስቆርጠው ጓሮ ከምረውት አገኘሁ። አስከሬን ለሌለው ሰው የሚሠራውን የጭቃ ሰው ላንተ ሊሠሩልህ ነው።

«ቁመቱ እስከ በሩ መቃን ነበር ወይስ ዝቅ ይላል?» አሉኝ።

«ነው እንጂ ነበር ምን ማለት ነው?» አልኳቸው። «ሲመጣ ራስዎ ይለኩታል።»

እኔና እሳቸው በአንድ ቤት እየኖርን እንደ ባዕድ መተያየት የጀመርነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ሩዝ ያቀርቡልኛል፤ እበላለሁ። ጭቃው እንዳይደርቅ ውሃ ያርከፈክፉበታል፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

የመቅደሱ ጠባቂ እትዬ ሳው የእሜቴን የድንጋይ ምስል ከሚያጥቡት ሴቶች ጋር ዘንድሮ እንድሆን አምና መርጠውኝ እንደነበር ታስታውሳለህ። ምላሷን ሳታጥብ እሜቴን ልታጥብ ነው ብለህ ስቀህብኛል። በበዓሉ ሰሞን ታዲያ አሰብኩበት። ሐዘን ካለበት ቤት የመጣች ሴት እሜቴን እንደማትነካ ሕፃን ልጅም ያውቃል። እንግዲያው እጄ እሜቴን ከነካ አንተ አልሞትክም ማለት ነው፤ መንደሩ ሁሉ ምስክር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በጓሮዬ ጭቃ የሚያቦካ አይኖርም። እንዲህ ብዬ ቆረጥኩ። ሥጋና ዓሣ ተውኩ፣ ያለኝን አንድ ሸሚዝ አጥቤ አሰጣሁ፣ ማንንም አላማከርኩም።

እማማ ሲሰሙ አልጮኹም። እሜቴ ራሷ፣ አባቶች እንደሚተርኩት፣ በግንድ ውስጥ ሆና ባሕር ወስዷት የለም ወይ፣ ተመልሳ መጥታ አይደለም ወይ በየዓመቱ ልብስ የምንቀይርላት ብዬ ሞገትኳቸው። እሷ እሜቴ ናት፣ የእኔ ልጅ ዋና እንኳ በቅጡ አይችልም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዓሣ አጥማጅ ሆነህ ዋና አለመቻልህ የመንደሩ መሳቂያ ነበር።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ ከበሮው ተመታ። ሕዝቡ የእጣቢውን ውሃ ለበረከት ለመቀበል ጠርሙሱን ይዞ ደጁን ሞልቶታል፤ ሙቀቱና ጭሱ ትንፋሽ ያሳጥራል። እኛ ሴቶቹ ቀዩ መጋረጃ ፊት ተሰለፍን። እትዬ ሳው እንደ ልማዱ ከመግባታችን በፊት የእያንዳንዳችንን ቤት ይጠይቃሉ፤ መልሱን የምትሰጠው የቤቱ ታላቅ ሴት ናት። ተራው ወደ እኔ ሲቀርብ ከጎኔ የቆመችው ንጋ፣ ያቺ የመረብ ጠጋኙ ሚስት የሆነችው ሳትሆን ወደቡ አጠገብ የምትኖረው ንጋ፣ ክንዴን ያዘችኝ።

«ኛን፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለችኝ በቀስታ። «ግን ባሌ ነገ ባሕር ይወጣል። ያንቺ እጅ ነክቷት የእኔ ሰው ቢቀር ምን ትይኛለሽ?»

 ልመታት ፈለግሁ፤ ላቅፋትም ፈለግሁ። ሌሎቹ ሴቶች እግራቸውን ያያሉ። እያንዳንዳቸው ባሕር ላይ ባል ወይም ወንድም አላቸው።

እትዬ ሳው ወደ እማማ ዞሩ። እማማ የፍራፍሬ መሶባቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ከፍሬው ሥር ነጭ ጨርቅ አጥፈው እንዳስቀመጡ ጠዋት አይቻለሁ፤ እዚያው በሕዝብ ፊት ሊያስሩልኝ እንደመጡ እርግጠኛ ነበርኩ። 

«በቤታችሁ ሐዘን አለ?» አሉ እትዬ ሳው።

እማማ እኔን አዩኝ። ስንት ጊዜ ተቆጥተውኛል፣ እንደዚያ ግን አይተውኝ አያውቁም።

«በቤታችን ሐዘን የለም» አሉ። «ልጄ ባሕር ላይ ነው።»

መጋረጃው ተገልጦልኝ ገባሁ። ንጋ ፊቷ አመድ መስሎ ከኋላዬ ተከተለችኝ። አክሊሉን አወረድን፣ ያረጀውን ልብስ አወለቅን፣ ጨርቃችንን አበባ ከተዘፈዘፈበት ውሃ ነከርን። የእኔ ድርሻ የግራ ትከሻዋ ነበር። እያንዳንዷ ሴት ስታጥብ ለቤቷ የምትለምነውን በሹክሹክታ ትለምናለች። እኔ ልመናዬን ስንት ጊዜ ስለማመደው ከርሜያለሁ፤ መልሺልኝ ልል ነበር። አንዲት ቃል ናት።

ትከሻዋ ድንጋይ ነው፣ ይቀዘቅዛል። እጄን ሳሳርፍበት ቅዝቃዜው እስከ ክርኔ ወጣ። አፌን ከፈትኩ።

«እሜቴ፣ አይብረደው» አልኩ። «አይራበው። ብቻውን አታድርጊው።»

ለሕያው ሰው እንዲህ ተብሎ አይለመንም፣ ቢየን። የተናገርኩትን በጆሮዬ ስሰማ ነው ያወቅሁት። ለካ ሳውቀው ነው የከረምኩት፤ የማላውቅ መስዬ እናትህን ሳሠቃይ ኖርኩ። ከትከሻዋ ላይ እጄን አነሳሁ፣ ጨርቁን ለእትዬ ሳው ሰጠሁና ወደ ኋላ ሸሸሁ። እሳቸውም ውሃውን ደፍተው ሌላ አስቀዱ፣ እኔ የነካሁትን ትከሻ እንደገና አጠቡ፣ ንጋን ደግሞ በዓይናቸው አይዞሽ አሏት። ንጋ እያለቀሰች አጠበች። ባሏ ዛሬ ማለዳ ወጥቷል፤ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው፣ በሰላም ይመልሰው።

ስወጣ እማማ መጋረጃው ጥግ ነበሩ። ጨርቁን ይስጡኝ አልኳቸው። ከፍሬው ሥር አወጡት፤ እሳቸው ለእኔ አሰሩልኝ፣ እኔም ለእሳቸው አሰርኩላቸው። ለምን የለም አሉ ብዬ የጠየቅኳቸው ቤት ከገባን በኋላ ነው።

«እኔ ልጄን አጥቻለሁ» አሉኝ። «አንቺን ደግሞ በሰው ፊት ላጣሽ ነው?»

ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ እጅጌዬን ሰብስቤ ጓሮ ወጣሁ፤ ከእሳቸው ጋር እስኪመሽ ጭቃ አቦካን። ትከሻህን እኔ ነኝ የሠራሁት። እማማ ሰፋ ብሏል አሉ፤ አይደለም፣ ልኩ ነው አልኳቸው።

ነገ ጠዋት ከአሸዋው ኮረብታ ላይ፣ ፊትህን ወደ ባሕር አድርገን እንቀብርሃለን። ስዋን ለሙታን ከሚቃጠሉት የወረቀት ልብሶች መካከል ሰማያዊውን ሸሚዝ መርጣልሃለች፤ እንዳይጠብበት ብላ ትልቁን ነው ያነሳችው። ይህ ደብዳቤ ፖስታ ቤት አይገባም። ከሸሚዙ ኪስ ከትቼ አብሬ አቃጥልልሃለሁ።

ለሌላው ሰው አፈሩ ይቅለለው ይባላል። ላንተ፣ የእኔ ጌታ፣ ውሃው ይቅለልህ።

ሚስትህ
ኛን