መነጽሩን በመጀመሪያ የሚያጠልቀው

ሰኞ፣ ጠዋት

«ክቡራን አባ ገዳዎች፣ የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የጤና ጽ/ቤት ኃላፊዎች፣ የሰበታ እናቶችና ወጣቶች...» እየተላጨሁ የዓርቡን ንግግር እለማመዳለሁ። ምላጩ አገጬን ስቶ ጆሮዬ ሥር ቆረጠኝ። ዳግመኛ።

ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ብቻ ልናገር፤ ፈርቻለሁ። ቅዳሜ ሱሉልታ፣ ሠርግ ላይ፣ ሙሽሪትን ሳጎርሳት ጉርሻው ጉንጯ ላይ አረፈ። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። «ጋሼ ተጫዋቹ!» አሉኝ። አብሬ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም፤ እጄ ስቶ ነው።

ዓርብ የምመርቀው፣ የበላይ ጠባቂው የሆንኩለት የአካል ተሐድሶ ማእከል ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሉትን መሣሪያ አስገብቷል። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው የሌለ ዓለም ይታየዋል። እዚያ ያለውን ዕቃ ለመያዝ እጁን ሲዘረጋ መንቀጥቀጡና መሳቱ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ይወጣል። እንግዳው ሁሉ ያያል። በልማዳችን ደግሞ መጀመሪያ የሚሞክረው የክብር እንግዳው ነው። እኔ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

ቡራዩ። ተመሳሳይ መሣሪያ ያለው ክሊኒክ። ሾፌሬን አሰናብቼ በታክሲ መጣሁ። ሲስተር ራሔል መነጽሩን አሰረችልኝ። ጠረጴዛ። በላዩ ብርጭቆዎች። ግራ እጄ አነሣ። ቀኙ በብርጭቆው አጠገብ አለፈ። ደግሞ አለፈ። ቀልድ ጣል አደረግሁ፤ አልሳቀችም። መሣሪያው የሕመሙን ስም አይናገርም፤ ሳይውሉ ሳያድሩ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ አለችኝ።

እንደወጣሁ ወደ ማእከሉ ደወልኩ። ሙከራው ከመርሐ ግብሩ ይውጣ፤ ሰዓት ያጥረናል አልኩ። ሰዓት አላጠረንም።

ሐሙስ፣ ረፋድ

ሰበታ። ኦቦ ጉርሜሳ በከዘራቸው ተደግፈው ቢሮዬ ገቡ። የፉሪ ገበሬ ናቸው፤ ስትሮክ ግማሽ አካላቸውን ይዞባቸው ነበር። በመነጽሩ ሲለማመዱ ከርመው፣ መሻላቸውን ሊያሳዩ ዘመዶቻቸውን ከሆለታ ጠርተዋል። አሁን ቀርቷል ተባሉ።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ! በምርቃቱ ላይ አንቱ ሳይጀምሩ እኛ አንነካም። አንቱ ደግሞ ተዉት አሉ። ጌታው፣ ይናከሳል እንዴ?» በግማሽ አፋቸው ሳቁ።

 ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ሥር ሸሸግሁ። የደበቅሁት የራሴን ሕመም ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእሳቸውንም መሻል ደብቄባቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ማምሻ

ደወልኩ። ሙከራው ይመለስ። መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ ኦቦ ጉርሜሳ። ስክሪኑ አይሸፈን።

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊደሉ ከመስመሩ ይሸሸኛል። ለሲስተር ራሔል፣ ለኦቦ ጉርሜሳ፣ ለታገሥከኝም ለአንተ፣ ማስታወሻዬ፣ ምስጋናዬ ይድረስ፤ የነገው ሥራ ይቃናልን።

ባለቤቴ ወ/ሮ አስቴር ከሳሎን እየተጣራች ነው። እስካሁን ምንም አታውቅም። ከስክሪኑ ሳይሆን ከእኔ አፍ ትስማ። አሁን ተነሥቼ እነግራታለሁ።