እሺ የሚሏት ንግሥት

ሰኞ፣ ኅዳር 3
አክስቴ ፀጉር ቤት ዋልኩ። ፎጣ አጠብኩ፣ ጠረግኩ። ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን ያ ጠንቋይ ንግሥት ያለችበት ተከታታይ ድራማ መጣ። አስማቷ የሚይዘው «እሺ» ያላትን ሰው ብቻ ነው። ዛሬ በረኛውን በሩን ክፈት አለችው። እሺ አለ። ከተማው ነደደ።

ደንበኞቹ ተከራከሩ። ሁሌ የምትመጣው ነርስ ጥፋቱ የበረኛው ነው አለች፤ ማን እሺ በል አለው? አክስቴ ደግሞ የታዘዘ ሰው ምን ያድርግ፣ «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብላ ተረተች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦

«አይደል፣ እሺቱ?»

እሺ አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ስሜ እኮ እሺቱ አይደለም...

ረቡዕ፣ ኅዳር 5
ማንም ሳይኖር መስታወቱ ፊት «እምቢ» ማለት ተለማመድኩ። የሰው ጫማ ያጠለቅኩ መሰለኝ። በረኛው አሳዘነኝ። እሱም ዓይን አፋር ይሆን?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8
አንዲት እናት ሠርግ አለብን ብላ ትንሽ ልጇን አመጣች። የፀጉር ማለስለሻውን እኔ ቀባኋት። ትንሽ ቆይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ያቃጥለኛል» አለችኝ። ለአክስቴ ነገርኳት። ገና አልያዘም፣ ትንሽ ትታገሥ አለች። እሺ አልኩ።

አፌ እሺ አለ፤ እጄ ግን ቧንቧውን ከፈተ። አጠብኳት። ፀጉሯ ግማሹ ቀጥ አለ፣ ግማሹ እንደነበረው... እናትየው ለሠርግ እንዲህ ይዣት ልሂድ? ብላ ተቆጣች። የአክስቴ ፊት ተለዋወጠ።

«ማን አዘዘሽ?»

በረኛው ቢሆን «ንግሥቲቱ» ይል ነበር። እኔ ማንን ልጥራ?

«ማንም። እኔው ነኝ።»

እሑድ፣ ኅዳር 9
አክስቴ አኩርፋለች። ነገ አትምጪ ብትለኝስ? ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ ያለኝ እሷ ቤት ብቻ ነው። ግን «ብታጥቢያት ይሻል ነበር» ከሚለኝ ጸጸት ይኼ ይሻላል... መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22
እስካሁን አላባረረችኝም። ዛሬ ልጅቷና እናቷ ተመልሰው መጡ። እናትየው ያን ቀን ማታ ከጆሮዋ ኋላ ውኃ የቋጠረ ነገር እንዳየች ነገረችን። አሁን ድኖ ከሆነ ይቀባላት ወይ ብላ አክስቴን ጠየቀቻት።

አክስቴ ከማበጠሪያዋ ቀና ሳትል፣ «እሷን ጠይቂያት። ቢላጥም በሷ ነው፣ ባይላጥም በሷ» አለች።

ለካ መወሰን ከመታዘዝ ይከብዳል! ፀጉሯን በጣቴ ከፈል አድርጌ አየሁ። ቆዳዋ ገና ቀይ ነው። ዛሬ አይቀባም፣ እጎነጉናታለሁ አልኩ። እናትየው እሺ አለች፤ ነርሷም ራሷን ነቀነቀች።

ንግሥቲቱ ዛሬ ወደቀች አሉ። ደንበኞቹ አጨበጨቡ። እኔ አላየሁም። ልጅቷ ትቁነጠነጣለች፣ እኔ ደግሞ መስመሩ እንዳይጣመምብኝ ዓይኔን ራሷ ላይ ተክያለሁ።